ንብ ከንፈር አላት? የሰንሰል አበባስ?

ጥያቄው የመጣው ከቢቸና አካባቢ ነው። ጠያቂው መምህር ነው፤ ጓሮው ውስጥ ጥቂት ቀፎ ንብም አለው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የግቢያችን አጥር ሰንሰል ነው። አበባው አፉን የከፈተ ይመስላል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ከንፈር አለው። ንቦቼ የታችኛው ላይ አርፈው ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ ይሰዳሉ። ተማሪ ሳለሁ ደግሞ የፌንጣ አፍ ሥዕል ላይ 'የላይኛው ከንፈር'፣ 'የታችኛው ከንፈር' የሚል አይቻለሁ። እነዚህ ነገሮች ዝምድና አላቸው? ንብ ከንፈር ካላት የታለ? ደግሞስ ከንፈር ያለው አበባ ለማር ይሻላል ወይ?»

ወንድሜ፣ አብሮ ይስጥልን። የጠየቅኸኝ ሦስት ነገር ነው። ቅደም ተከተሉን ባልጠብቅም ሁሉንም እመልሳለሁ።

ዝምድና የላቸውም። የአበባው ከንፈር የተሠራው ከመልካበባ ነው፤ ከባለ ቀለሙ የአበባ ቅጠል ማለቴ ነው። የነፍሳት የታችኛው ከንፈር በጥንት አመጣጡ ጥንድ እግር ነበር። የእኔና ያንተ ከንፈር ደግሞ ጡንቻና ቆዳ ነው። ሦስቱም አፍ ጫፍ ላይ ስለተቀመጡ ነው በአንድ ስም የተጠሩት። ባይዛመዱም ግን በደንብ ይተዋወቃሉ። የሰንሰልህ አበባ ይህን ቅርጽ የያዘው ንብና ንብ መሰል ነፍሳት ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲመላለሱበት ነው።

«እግር ነበር» ያልኩት ሳይገርምህ አልቀረም። ከፌንጣ ልጀምርልህ፤ የፌንጣ አፍ ለማየት ይመቻል።

አንድ ትልቅ ፌንጣ ያዝና ፊቷን ወደ ራስህ አዙር። ከዓይኖቿ በታች ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ነገር ታያለህ፤ መሃሉ ትንሽ ሰርጎድ ያለ ነው። የላይኛው ከንፈሯ እሱ ነው። በስንደዶ ጫፍ ቀስ አድርገህ ከፍ አድርገው። ከሥሩ ሁለት ጥቁር ጠንካራ መንጋጋዎች አሉ። የሚገጥሙት እንደኛ ከላይና ከታች ሳይሆን ከግራና ከቀኝ ነው። ከመንጋጋዎቹ ኋላ ሌላ ለስለስ ያለ ጥንድ አለ። ከሁሉም ኋላ አፉን ከታች የሚዘጋው የታችኛው ከንፈር ነው። ከግራና ከቀኙ ሁለት አጫጭር ባለ አንጓ ዳሳሾች ወጥተው ያለማቋረጥ ይወዛወዛሉ። ምግቡን የሚቀምሱት እነሱ ናቸው። አንጓቸውን ልብ ብለህ እይ። የእግር አንጓ ነው የሚመስለው፤ ወደ ዋናው ነገር የሚያስገባንም ይሄ ነው።

የነፍሳት ጭንቅላት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ተደራርበው የተጣበቁ ክፍሎች አሉት። ፅንሷ እንቁላል ውስጥ እያለች በማይክሮስኮፕ ብታያት፣ መንጋጋ የሚሆነውም፣ ከንፈር የሚሆነውም፣ እግር የሚሆነውም መጀመሪያ በጥንድ በጥንድ የሚበቅል ተመሳሳይ እምቡጥ ነው። ደረት ላይ ያሉት እግር ሆነው ይቀራሉ። አፍ አካባቢ ያሉት ወደ መብያ መሣሪያ ይለወጣሉ። የመጨረሻው ጥንድ መሃል ላይ ይገጥምና አንድ ይሆናል፤ የታችኛው ከንፈር ማለት ይሄ ነው። ሸርጣንን ብታይ ይኸው ጥንድ እስከ ዛሬ ሳይጣበቅ ለየብቻ ነው ያለው።

በፅንስ መመሳሰል ብቻ አላምንም ካልክ ሌላ ማስረጃ አለ። ሙዝ ሲበስል ወይም ጠላ ሲከፈት የምትመጣውን ትንሿን የፍራፍሬ ዝንብ ታውቃታለህ። እ.ኤ.አ. በ1933 ካልቪን ብሪጅስ እና ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ የተባሉ ሳይንቲስቶች ከዚች ዝንብ አንድ ጉድ ጻፉ። አንድ ጂን ሲበላሽ ዝንቧ አፍ ጫፍ ላይ ከንፈር መሆን የነበረበት ነገር እግር ወደ መምሰል ይለወጣል። ጂኑ ፕሮቦሲፒዲያ ይባላል። ጤነኛው ጂን ለዚያ እምቡጥ «አንተ ከንፈር ሁን» ብሎ ያዘዋል። ትእዛዙ ሲቀር እምቡጡ ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል።

አሁን ወደ ንቧ። ከንፈሯ የታለ ላልከው፣ አንተ «ምላስ» የምትለው እሱ ራሱ ነው።

ንብ አበባ ላይ ስታርፍ ከአገጯ ሥር ቡናማ ነገር ትዘረጋለች። ሥራ ስትጨርስ እንደ ሰንጢ አጥፋ ከጭንቅላቷ ሥር ትከተዋለች። እሱ አንድ ዕቃ አይደለም። መሃል ላይ ያለው ጸጉራም ቀጭን ክፍል የታችኛው ከንፈሯ መሃለኛ ጫፍ ነው፤ ረዝሞ ረዝሞ ምላስ የሆነ። ከግራና ከቀኝ የከንፈሯ ሁለት ዳሳሾችና ከመንጋጋ ኋላ ካለው ጥንድ የመጡ ሁለት ልባሶች ይገጥሙበታል። አራቱ ሲገጥሙ ቱቦ ይሠራሉ። ጸጉራሙ ምላስ በቱቦው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ፈሳሹን በጸጉሩ ይቀዳል፤ አፏ ደግሞ ይስበዋል። ርዝመቱ በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ነው። ይህን ቁጥር ያዘው፤ ስለ ማር ስናወራ ያስፈልገናል። መንጋጋዋና የላይኛው ከንፈሯ ግን እንደ ፌንጣዋ በቦታቸው አሉ። ሰም የምትቀርጸው በመንጋጋዋ ነው።

በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ትንሽ ማር በውሃ አቅጥን። አንድ ጠብታ ንጹህ መስታወት ላይ አድርግና ንብ ስትመጣ ከሥር ሆነህ ተመልከት። ምላሷ ጠብታው ውስጥ ሲመላለስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታዲያ ይህን ከቀፎዎቹ ራቅ ብለህ አድርገው። ቀፎ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ማር ዝርፊያ ያስነሳል። ጠንካራው ቀፎ ደካማውን ሲዘርፈው ደግሞ ለማስቆም ከባድ ነው።

ይኸው የታችኛው ከንፈር በሌሎች ነፍሳት ላይ ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ። የቤት ዝንብ ጫፉን ለሁለት ከፍላ አስፍታዋለች። ገጹ ላይ ጥቃቅን ቦዮች አሉ። ስኳር ላይ ስታርፍ ምራቋን ትተፋበታለች፤ ከሟሟ በኋላ በቦዮቹ ትስበዋለች። እንጀራህ ላይ ያረፈች ዝንብ የምትጸየፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ ዳር የምታንዣብበው፣ አራት ክንፍና ቀጭን ረጅም ሆድ ያላት ድራጎንፍላይ ደግሞ ልጅነቷን የምታሳልፈው ውሃ ውስጥ ነው። ያኔ የታችኛው ከንፈሯ እንደ ክንድ የሚታጠፍ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለበት መሣሪያ ነው። የሚያልፈውን ነፍሳት ወይም የእንቁራሪት ልጅ በቅጽበት ወርውራው ትይዛለች። አባይ በረሃ ወርደህ የምትነክስህ የወባ ትንኝ ደግሞ ነገሩን ገልብጣዋለች። ስትነክስህ የታችኛው ከንፈሯ ቆዳህ ውስጥ አይገባም። እሱ ሰገባ ነው፤ ውጪ ተቆልምሞ ይቀራል። የሚገቡት ስድስት መርፌዎች ናቸው። ደምህ የሚሳብበት ቦይ ከእነሱ አንዱ ነው፤ እሱም የላይኛው ከንፈሯ ነው። ቢራቢሮንም እንዳታነሳብኝ፤ የሷ ጥቅልል ምላስ የመጣው ከመንጋጋ ኋላ ካለው ጥንድ ነው፣ ከንፈር አይደለም።

ነፍሳት በምድር ላይ ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። አበባ ያላቸው ዕፅዋት በቅሪተ አካል በደንብ መታየት የጀመሩት ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። የነፍሳት ከንፈር አበባ ከመምጣቱ በፊት በጣም ብዙ ዘመን ቅጠል ሲያኝክ፣ ብስባሽ ሲለቃቅም ኖሯል። በኋላ የመጣው የአበባው ነው።

የአበባው ሥራ ቀለል ያለ ነው። አንድ የሰንሰል አበባ ቀጥፈህ እይ። አንዳንድ ቦታ ስሚዛ ይሉታል። አምስት መልካበባዎች ከሥር ተጣብቀው ቱቦ ሆነዋል። ወደ አፉ ሲደርሱ ለሁለት ይከፈላሉ። ሁለቱ ወደ ላይ ገጥመው የላይኛውን ከንፈር ይሠራሉ፤ ሦስቱ ወደ ታች ወርደው የታችኛውን። የታችኛውን ጫፍ ብትቆጥር ሦስት ነው። ወንዴዎቹ፣ ብናኝ የሚሰጡት ክሮች ማለቴ ነው፣ ሁለት ናቸው፤ ከላይኛው ከንፈር ሥር ተጠልለዋል። ንቧ የታችኛው ላይ ታርፋለች። ፈሳሹ ያለው ቱቦው ሥር ስለሆነ ጭንቅላቷን ትሰዳለች። ያን ጊዜ ብናኙ ከላይ ጀርባዋ ላይ ይራገፋል። ወደ ሌላ ሰንሰል ስትሄድ የዚያኛው ሴቴ ጫፍ የሚነካው እዚያው የተራገፈበትን ቦታ ነው። የታችኛው ከንፈር ማረፊያ ነው፣ የላይኛው መጠለያ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ርቀት ደግሞ የንብ ውፍረት ነው።

አሁን ወደ ጓሮህ ሂድና በሶብላ ወይም ዳማከሴ ተመልከት። ሁለቱ የአንድ ወገን ናቸው። አበባቸው ትንሽ ስለሆነ ቀረብ ማለት አለብህ። እነሱም ከንፈር አላቸው፤ ግን ክፍፍላቸው የተለየ ነው። አራቱ መልካበባዎች ወደ ላይ ሄደዋል፣ የታችኛው ከንፈር አንዱ ብቻ ነው። ወንዴዎቹም ከላይ አልተጠለሉም፤ የታችኛው ከንፈር ላይ ተጋድመዋል። ስለዚህ ብናኙ የሚነካው የንቧን ሆድ ነው። አንዲት ንብ ከሰንሰል ጀርባዋን፣ ከበሶብላ ሆዷን ተቀብታ ልትመለስ ትችላለች፤ ሁለቱ ብናኞች ብዙም ሳይደበላለቁ። እኔ በበኩሌ ተማሪዎችን ወደ ውጪ ይዤ ስወጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። መምህር ስለሆንክ ሞክረው፤ ወጪ የለውም።

ጥንጁትም ያው የነበሶብላ ዘመድ ነው፤ የጠላ ጋን የሚታጠንበት፣ ብዙ አናቢም ቀፎ የሚያጥንበት። አበባው ላይ ያለው አከፋፈል ግን የሰንሰልን ይመስላል፤ የታችኛው ከንፈር ሦስት ጫፍ ነው።

ራስ ክምርን ደግሞ ሳታይ እንዳትቀር። ብርቱካንማ አበባው በግንዱ ዙሪያ ኳስ ሠርቶ የሚደረደረው፣ የፈረስ ዘንግም የሚሉት ነው። የላይኛው ከንፈሩ ረጅምና ጸጉራም ነው። የታችኛውን ብትፈልግ አጠር ብሎ፣ ቶሎ ጠውልጎ ነው የምታገኘው። ምክንያቱም ዋናው ደንበኛው ንብ ሳይሆን ቀጭን ቆልማማ ምንቃር ያላት፣ ከአበባ የምትጠጣው ትንሽ ወፍ ናት። ወፏ ግንዱ ላይ ቆማ ምንቃሯን ትሰዳለች። መልካበባ ላይ አታርፍም። የሚያርፍበት ከሌለ ማረፊያው ይቀራል።

የአበባውንም ከንፈር የሚያዝ ጂን አለ። አንቲራይነም የሚባል ባለ ከንፈር የጓሮ አበባ አለ፤ ሰዎች በጣት ጎንና ጎኑን ጫን ሲሉት አፉን ይከፍታል። ሳይክሎይዲያ የተባለ ጂን የላይኛውን ወገን «አንተ የላይ ነህ» ይለዋል። ይህን ሥራ ከሌላ አንድ ጂን ጋር ነው የሚሠራው። የኤንሪኮ ኮየን ቡድን እንግሊዝ አገር ይህን እ.ኤ.አ. በ1996 አሳተመ። ሁለቱ ጂኖች ሲበላሹ አበባው ዙሪያውን እኩል ይሆናል። አምስቱም መልካበባ የታችኛውን መልክ ይይዛል፤ ላይና ታች የሚባል ነገር አይቀርም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ የአንቲራይነም ዘመድ ከሆነ ተክል ላይ እንዲህ ያለ አበባ ደርሶት ግራ ተጋብቶ ነበር። የነገሩ ምክንያት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ጂኑ አልተበላሸም፣ በኬሚካል ምልክት ተዘግቶ ነበር። የዝንቧ ከንፈር ትእዛዝ ሲያጣ ወደ እግርነት ይሄዳል፤ የአበባው ደግሞ ከሌሎቹ የማይለይ ተራ መልካበባ ይሆናል። ዝምድና የላቸውም ያልኩህ ይህን ይዤ ነው።

ስለ አበባ ከንፈር ስናነሳ ኦርኪድን መዝለል አይቻልም። ኦርኪድ ሦስት መልካበባ አለው። አንዱ ከሁለቱ ተለይቶ ትልቅና ያጌጠ ይሆናል፤ እሱ ከንፈር ይባላል። የሚገርመው ይህ ከንፈር በእምቡጥነቱ ከላይ ነበር። አበባው ከመፈንዳቱ በፊት አንገቱ ግማሽ ዙር ይጠመዘዝና ወደ ታች ያመጣዋል። አገራችን ደጋ ሣር ላይ የሚበቅሉት የሳቲሪየም ዘሮች ግን አይጠመዘዙም። ከንፈራቸው ከላይ እንደሆነ ይቀራል፤ ቆብ ሠርቶ ከኋላው ሁለት ቀንድ ያወጣል። በክረምት መጨረሻ እርጥብ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ አበባ ካየህ አትንቀለው። ከሥሩ የተነቀለ ኦርኪድ ሌላ ቦታ ብትተክለው አብዛኛውን ጊዜ አይጸድቅም።

ኦፍሪስ የምትባለው የሰሜን አፍሪካና የአውሮፓ ኦርኪድ ደግሞ ሌላ ተንኮል አላት። ከንፈሯ ሴት ንብ ይመስላል፤ ሽታውም የሴት ንብ ነው። ወንዱ ንብ ሚስት ያገኘ መስሎት ይጋልበዋል፤ ብናኙን ተሸክሞ ባዶውን ይሄዳል። ይህን በመጀመሪያ አስተውለው ከጻፉት አንዱ አልጄሪያ ውስጥ ዳኛ የነበረ ፑያን የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916። የአበባ ከንፈር የነፍሳት አካል ለመምሰል የሞከረበትን ቦታ ከጠየቅኸኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ወጥ ቤት ያለውን ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና እርድ አስብ። ሦስቱም አንድ ወገን ናቸው። አበባቸው ላይ በጣም የሚያምረውና ሰፊው ከንፈር መልካበባ እንኳ አይደለም። ብናኝ ማውጣት የተዉ ወንዴዎች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ስለዚህ አበቦችም እርስ በርሳቸው ከንፈር የሠሩበት ዕቃ አንድ አይደለም።

ወደ ማሩ እንምጣ። ከንፈር መኖሩ ብቻውን አበባውን ለማር የተሻለ አያደርገውም። ለንብህ ወሳኙ የቱቦው ጥልቀት ነው። ምላሷ 5 እስከ 7 ሚሊሜትር ነው አልኩህ። በሶብላ፣ ዳማከሴና ጥንጁት ላይ በደንብ ትሠራለች። የራስ ክምር ቱቦ ግን ይረዝምባታል። የጎጃም የጥቅምትና የኅዳር ማር ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከመችና ከኑግ ነው። እነሱ ንብ መምረጥ አያውቁም። አንድ አበባ የሚመስለን ብዙ ጥቃቅን አበቦች የተሰበሰቡበት ነው፤ መሃል ያሉት ቱቦዎች አጫጭር ናቸው፣ ማንም ይደርስባቸዋል። ስለዚህ የመችና የኑጉን ማሳ የሚተካ የለም። ሰንሰልን፣ በሶብላንና ጥንጁትን ደግሞ በአጥርና በጓሮ ያዝ፤ ዋናው አበባ ሲያልፍ ንቦችህን ያቆያሉ።

ሰንሰሉ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ፈልግልኝ። አበባው ሥር፣ ቱቦው ከአረንጓዴው ክፍል በላይ በሚጀምርበት ቦታ፣ ቀጭን ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ካለ እይ። እንጨት ቦርቡራ የምትኖረው ትልቋ ጥቁር ንብ ረጅም ቱቦ ሲያጋጥማት በከንፈሩ በኩል መግባት ትታ ከጎን ትሰነጥቀዋለች። ፈሳሹን ትጠጣለች፣ ብናኙን አትነካም። አንዴ ከተሰነጠቀ በኋላ የማር ንብም በዚያው ትገባለች። ንቦችህ ከንፈሩ ላይ ማረፍ ትተው በጎን በጎን ሲሉ ካየህ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ለማርህ ችግር የለውም፤ ሰንሰሉ ግን ፍሬ የሚይዝበት ዕድል ሊቀንስ ይችላል። ካገኘህ አበባውን በቅርብ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ከቻልክ ጠዋት፣ ንቦቹ ሥራ ላይ እያሉ።